የትከሻ ጅማት ሲበጠስ፦ በመክፈት፣ በካሜራ ወይስ ያለ ቀዶ ሕክምና? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጅማታቸው የተሰፋላቸውን ሰዎች የማገኛቸው ክንዳቸው ታስሮ ሲመጡ ነው፤ ገና ያልወሰኑት ደግሞ የኤም አር አይ ፊልማቸውን በፌስታል ይዘው «ምን ይሻለኛል?» እያሉ ይመጣሉ። የሁለቱም ወገን ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ስለማይለወጡ እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የማምንበትን አስቀድሜ ልናገር፦ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ቁስሉ ስፋትና ስለ መሣሪያው ዘመናዊነት ነው። ውጤቱን በአብዛኛው የሚወስኑት ግን የጅማቱ ሁኔታ፣ የተሰፋበት ጊዜና ከስፌቱ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው። የምጽፈው ለማስረዳት ነው፤ ትከሻዎን በእጁ ዳስሶ የመረመረውን ሐኪም አይተካም።

የተበጠሰው በትክክል ምንድን ነው?

ትከሻ ጥልቀት በሌለው ሳህን ላይ የሚንከባለል ኳስ ነው። ኳሱ ማለትም የክንድ አጥንት ራስ ከሳህኑ እንዳይንሸራተት ከፊት፣ ከላይና ከኋላ አቅፈው የሚይዙት አራት ጡንቻዎች አሉ። የእነዚህ ጡንቻዎች ጫፍ ጠፍጣፋ ጅማት ሆኖ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ እንደ ቆብ አጥንቱ ላይ ይለጠፋል። ሐኪሞች ሮቴተር ከፍ የሚሉት ይህንን ነው። ከአራቱ አብዝቶ የሚጎዳው ከላይ የሚያልፈው ሱፕራስፓይናተስ ነው፤ ክንድን ወደ ጎን ለማንሳት የሚጀምረው እርሱ ነው።

ድንኳን ተክሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጅማቱ አውታር ነው፣ አጥንቱ ደግሞ መሬት። አውታሩ ሳስቶ ቃጫው ከተገመሰ በከፊል ተቀደደ ይባላል፤ ከካስማው ጨርሶ ከተላቀቀ ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ ይባላል። ስፋቱም ይለካል፦ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ትንሽ፣ ከ1 እስከ 3 መካከለኛ፣ ከ3 እስከ 5 ትልቅ፣ ከ5 በላይ ደግሞ እጅግ ትልቅ ነው። ይህን ቁጥር ከሐኪምዎ ጠይቀው ይያዙት፤ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው።

ተበጥሷል ከተባልኩ ቀዶ ሕክምና ግድ ነው?

አይደለም። በ1995 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ትከሻቸውን የማያማቸውን ሰዎች በኤም አር አይ አይቶ ነበር። ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል 54 በመቶዎቹ ጅማታቸው በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ ተቀዶ ተገኘ። ሕመም ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ቀዳዳ መታየቱ ብቻውን ለቢላዋ ምክንያት አይሆንም፤ ከሽበት ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሕመም ያላቸው ሰዎችስ? ፊንላንዳውያን ዕድሜያቸው ከ55 በላይ የሆኑ፣ ሳይወድቁና ሳይመቱ ሱፕራስፓይናተሳቸው የተበጠሰባቸው ሰዎች 180 ትከሻዎችን በዕጣ ሦስት ቦታ ከፈሉ። አንዱ ቡድን ፊዚዮቴራፒ ብቻ፣ ሁለተኛው ፊዚዮቴራፒና ከጅማቱ በላይ ያለውን አጥንት ከታች መላግ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ከጅማት ስፌት ጋር አገኘ። በ2014 የወጣው የአንድ ዓመት ውጤት በሦስቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አላሳየም። በአሜሪካ ደግሞ ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ 452 ሰዎች ሥርዓት ባለው የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ጀምረው በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱት ከአራት አንዱ እንኳ አልሞሉም።

ሌላው ወገን ግን መሰማት አለበት። በኖርዌይ ቀዳዳቸው ከ3 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ 103 ሰዎችን ለረጅም ጊዜ የተከታተለ ጥናት አለ። መጀመሪያ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ዓመታቱ በረዘሙ ቁጥር ግን ጅማታቸው የተሰፋላቸው እየበለጡ ሄዱ፣ በአሥረኛው ዓመትም ክፍተቱ ሰፋ። በፊዚዮቴራፒ ከጀመሩት 51 ሰዎች መካከል 12ቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ካልተሰፉት ጅማቶች መካከልም እየሰፉ የሄዱ ነበሩ።

እነዚህን አንድ ላይ ሳስተያያቸው የምረዳው ይህ ነው። ሰባ ዓመት ለደረሱ፣ ሕመሙ ቀስ በቀስ ለጀመራቸውና ቀዳዳው ትንሽ ለሆነባቸው እናት ሦስት ወር በቁም ነገር የተሠራ እንቅስቃሴ ቅድሚያ ይገባዋል። ሃምሳ ዓመት ላልሞላው፣ በክንዱ ለሚያድር ግንበኛ ግን መጠበቅ የራሱ ዋጋ አለው።

ፊዚዮቴራፒ ሞክሬ አልረዳኝም፤ ታዲያ ምን ቀረ?

ይህን ሲሉኝ «ምን ምን ተደረገልዎ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አሥር ቀን መብራት ተሞቀልኝ፣ ኤሌክትሪክ ተደረገልኝ የሚል ነው። ሙቀትና ኤሌክትሪክ ለጊዜው ያስታግሳሉ እንጂ ጡንቻ አያጠነክሩም። የተበጠሰውን ጅማት ሥራ የሚረከቡት በዙሪያው የቀሩት ጡንቻዎች ናቸው፤ እነርሱም የሚጠነክሩት በየቀኑ፣ በተመጠነ ጭነት፣ ለሳምንታት ሲሠሩ ነው። ይህን ሳያገኙ «ፊዚዮቴራፒ አልሠራልኝም» ብለው ወደ ቀዶ ክፍል የሚሄዱ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ጥፋቱ የእነርሱ አይደለም።

መቼ ነው መቸኮል ያለብኝ?

ከወደቁ፣ ከተመቱ ወይም ከባድ ነገር ሲያነሱ አንዳች ነገር «ቋ» ብሎ ክንድዎ ወዲያው መነሳት እምቢ ካለ። ዕድሜዎ ከ40 በላይ ሆኖ ትከሻዎ ወልቆ ከነበረና ከተመለሰ በኋላም ክንዱ ካልተነሳ። በእነዚህ ሁኔታዎች ፎቶ ራጅ «አጥንት አልተሰበረም» ብሎ ማለፉ አይበቃም፤ ራጅ ጅማትን አያሳይም። አልትራሳውንድ ወይም ኤም አር አይ ያስፈልጋል። በሠለጠነ ሰው እጅ አልትራሳውንድ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ ጅማትን ከኤም አር አይ ባልተናነሰ ያሳያል፣ ዋጋውም ይቀንሳል።

አንድ ጣሪያ ሠሪ አውቃለሁ። ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ሲንጠለጠልበት ወጌሻ ዘንድ ሄደ፤ አራት ወር ታሸ። ወጌሻን አላጥላላም፤ ብዙዎቻችን ያደግነው በእነርሱ እጅ ነው። ነገር ግን ከአጥንቱ የተላቀቀ ጅማት በመታሸት ተመልሶ አይገጥምም። በእነዚያ አራት ወራት ጅማቱ እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፣ ጡንቻውም ወደ ስብ መለወጥ ጀመረ። ፈረንሳዊው ሐኪም ጉታሊዬ በ1994 ይህን የስብ ለውጥ ከ0 እስከ 4 በደረጃ አስቀምጦታል፤ ጡንቻው እኩል በእኩል ስብ ሲሆን 3ኛ፣ ስቡ ሲበልጥ 4ኛ ይባላል። እዚያ የደረሰ ጡንቻ ጅማቱ ቢሰፋለት እንኳ ወደ ድሮ ጉልበቱ አይመለስም። በአደጋ የተበጠሰ ጅማት በሳምንታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሦስት ወር ውስጥ ውሳኔ ማግኘት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

በመክፈት ይሻላል ወይስ በካሜራ?

ከሁሉ አብዝቶ የምጠየቀው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ጅማቱን የመስፋት ሐሳብ አዲስ አይደለም። የቦስተኑ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን የመጀመሪያውን ስፌት በ1909 ሠርቶ በ1911 ጽፎታል። ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገዱ አንድ ነበር፦ ቆዳው ይከፈታል፣ ትከሻን እንደ ካባ የሚያለብሰው ዴልቶይድ የተባለው ጡንቻ ከአጥንቱ በከፊል ይነቀላል፣ ጅማቱ በዓይን እየታየ ይሰፋል፣ ዴልቶይዱም ተመልሶ ይታሰራል። የዚህ ደካማ ጎን ዴልቶይዱ ራሱ ነው። በደንብ ካልያዘ ታካሚው አንድ ችግር ይዞ ገብቶ ሁለት ይዞ ይወጣል።

ቀጥሎ አነስተኛ መክፈቻ የሚባለው መጣ። ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቁስል ይበጃል፤ ዴልቶይዱ አይነቀልም፣ ቃጫው በአቅጣጫው ገለጥ ተደርጎ በመካከሉ ይገባል። ቀዶ ሐኪሙ የሚጠነቀቅለት ነገር አለ፦ ዴልቶይድን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከትከሻ ጫፍ አጥንት ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ቃጫው ከዚያ በላይ መሰንጠቅ የለበትም።

በካሜራ የሚሠራው አርትሮስኮፒ ይባላል። ጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይበጃሉ፤ በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ መሣሪያዎች ይገባሉ፣ መገጣጠሚያው በጨው ውኃ ይነፋል፣ ሐኪሙም ስክሪን እያየ ይሰፋል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የመገጣጠሚያውን ውስጥ በሙሉ ያሳያል፣ ዴልቶይዱን አይነካም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙ ቀለል ሊል ይችላል፣ የቁስል ኢንፌክሽንም ያነሰ ነው። ችግሩ ለመማር ረጅም ጊዜ መጠየቁና ካሜራው፣ ፓምፑ፣ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር የሚያስረው ካስማና ልዩ ክሩ ሁሉ ውድ መሆናቸው ነው።

በሁለቱ መካከል የመጨረሻ ውጤት ልዩነት አለ? በብሪታንያ 273 ሰዎችን፣ ሁሉም ከ50 ዓመት በላይ፣ በዕጣ ከፍሎ ያወዳደረ ትልቅ ጥናት በ2017 ታትሟል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕመማቸውና የክንዳቸው አገልግሎት ሲለካ በካሜራ የተሠራላቸውና በመክፈት የተሠራላቸው እኩል ነበሩ። ሁለቱም ቡድኖች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበሩበት በእጅጉ ተሽለዋል።

ይህን የምደጋግመው አንድ ነገር ስለሚያበሳጨኝ ነው። በሀገራቸው ጥሩ እጅ ያለው፣ በአነስተኛ መክፈቻ ብዙ ጅማት የሰፋ ሐኪም እያለ «በካሜራ ካልሆነ አልሠራም» ብለው ገንዘብ እስኪሞላ ዓመት የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። በዚያ ዓመት ውስጥ ጅማቱ አይጠብቃቸውም። ሐኪሙ የለመደው ዘዴ እርስዎ ካነበቡት ዘዴ ይበልጣል። ካሜራውን በደንብ የሚያውቅ ሐኪም ካገኙና አቅምዎ ከፈቀደ ግን በካሜራ መሠራት መልካም ምርጫ ነው፤ ትንንሽ ቀዳዳ ስለሆነ ጅማቱ ቶሎ ይይዛል ብለው ግን እንዳይታለሉ። ቆዳው ቶሎ ይድናል፤ ጅማቱ በሁለቱም መንገድ ያው ወራቱን ይፈልጋል።

«ነጠላ ረድፍ» እና «ድርብ ረድፍ» የሚባለው ምንድን ነው?

ጅማቱ ወደ አጥንቱ የሚመለሰው በትናንሽ ችንካሮች ነው። ሐኪሞች አንከር ይሏቸዋል፤ እኔ ለታካሚዎቼ ካስማ ነው የምላቸው። ካስማው አጥንት ውስጥ ይገባል፣ ከጭንቅላቱ የሚወጣው ጠንካራ ክር ጅማቱን ወግቶ ያስረዋል። ካስማዎቹ በአንድ መስመር ከተተከሉ ነጠላ ረድፍ ነው። ድርብ ረድፍ ሲሆን አንዱ መስመር ወደ ውስጥ፣ ሌላው ወደ ውጭ ሆኖ ክሮቹ በመካከሉ ጅማቱን አጥንቱ ላይ ይጫኑታል፤ እንደ ጭነት ገመድ ተሻግረው ስለሚያስሩት የስፌት ድልድይ የሚሉትም አለ።

በላቦራቶሪ ሲጎተት ድርብ ረድፍ ይጠነክራል፤ ጅማቱ አጥንቱን የሚነካበት ስፋትም ይበልጣል። በሰው ላይ ሲታይ ታሪኩ ይለያል። ለትንሽና ለመካከለኛ ቀዳዳ ሕመምና እንቅስቃሴ በሁለቱ መካከል እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት አያሳዩም። ቀዳዳው ከ3 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ግን ድርብ ረድፍ መልሶ የመበጠስን ዕድል ይቀንሳል፤ በዚያ መጠን ላይ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። የሚያስከፍለው ነገር አለ፦ ካስማው ይበዛል፣ ወጪውም ሰዓቱም ይጨምራል። ሌላም አለ። ድርብ ረድፍ ሲከሽፍ ጅማቱ አንዳንድ ጊዜ ከስፌቱ ውስጠኛ መስመር ላይ፣ ከጡንቻው አጠገብ ይበጠሳል፤ አጥንቱ ላይ የሚቀረው ጉርድ ብቻ ነው፣ ዳግመኛ ለመስፋትም አስቸጋሪ ይሆናል። ተወጥሮ የተሰበሰበን ጅማት በግድ ስቦ ሁለት ረድፍ ከማሰር ሳይወጠር በአንድ ረድፍ ማሰር የሚሻልበት ጊዜ አለ። ይህን የሚፈርደው ጅማቱን በመንጠቆ ስቦ ያየው ሐኪም ብቻ ነው።

ካስማ ሳይገባ መስፋት ይቻላል?

ይቻላል፤ የጥንቱ መንገድም ይህ ነበር። አጥንቱ ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ ተበጅቶ ክሩ በዚያ ያልፍና በውጭ በኩል ይቋጠራል። ዛሬ በካሜራም ይሠራል። ውጤቱ ከካስማ ስፌት የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም፣ በብዙ ጥናቶች ተቀራራቢ ነው፤ ካስማው ከውጭ በምንዛሪ በሚገባበት ሀገር ደግሞ የወጪው ልዩነት ቀላል አይደለም። የሚያሰጋው አጥንቱ በዕድሜ የሳሳ ሰው ነው፤ ክሩ የሳሳውን አጥንት እንደ አይብ ሊቆርጠው ይችላል። በእርግጥ ካስማም በሳሳ አጥንት ላይ ሊነቀል ይችላል። ሐኪምዎ ይህን ዘዴ ቢመርጥልዎ «ርካሽ ነገር ሠራልኝ» ብለው አይዘኑ።

ካስማው ብረት ነው? ኋላ መውጣት አለበት?

አንዳንዱ ታይታኒየም ነው፣ አንዳንዱ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ አንዳንዱ በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሟሟ፣ አንዳንዱም ከክር ብቻ የተሠራ ነው። ከቦታው ካልተነቃነቀ አይወጣም፤ የማይሟሟው ዕድሜ ልክ ይኖራል። ኤም አር አይ ሲነሱ ግን ካስማ እንዳለዎት ለባለሙያው ይንገሩ።

«አጥንቱንም እንላገዋለን» ተብያለሁ። ለምን?

ከጅማቱ በላይ እንደ ጣሪያ የተዘረጋው አጥንት አክሮሚየን ይባላል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኒር በ1972 ይህ ጣሪያ ጅማቱን ስለሚፈጨው ከታች መላግ አለበት ብሎ ጻፈ፤ ዓለምም ተከተለው። በ2018 የወጣ የብሪታንያ ጥናት ግን ጅማታቸው ሙሉ በሙሉ ያልተበጠሰ 313 ሕመምተኞችን ሦስት ቦታ ከፈለ፦ አጥንታቸው የተላገ፣ ካሜራ ብቻ ገብቶ ምንም ያልተላገላቸው፣ ጭራሽ ቀዶ ሕክምና ያላገኙ። በመላግና በይስሙላው ቀዶ ሕክምና መካከል ልዩነት አልተገኘም። በቀጣዩ ዓመትም ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን ለዚህ ዓይነቱ ሕመም መላግ እንዳይደረግ ጠንከር ያለ ምክር ሰጠ። ስለዚህ ጅማትዎ ሳይበጠስ «አጥንት ብቻ ልላግልህ» የሚል ሐሳብ ከመጣ ሌላ ሐኪም ይጠይቁ። ጅማት ሲሰፋ አብሮ የሚላግበት ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ይነገርዎ።

ጅማቱ ተስቦ አይደርስም ከተባለስ?

እዚህ ላይ ምርጫው ይበዛል፣ ተስፋውም ይለያያል። ከሁሉ የቀለለው የሞተውን ክፍል ማጽዳትና የሚያመውን የባይሴፕስ (የክንድ የፊት ጡንቻ) ጅማት መቁረጥ ነው፤ ጉልበት አይጨምርም፣ ሕመም ግን ይቀንሳል። የሚደርሰውን ያህል ብቻ መስፋትም አለ፤ የፊቱና የኋላው ጡንቻ ሚዛን ከተመለሰ ከላይ ቀዳዳ ቢቀር እንኳ ክንዱ ሊነሳ ይችላል። ከጀርባ ሌላ ጡንቻ አዛውሮ መትከል ለወጣትና ለሠራተኛ ሰው ይታሰባል። ጃፓናዊው ቴሩሂሳ ሚሃታ ከጭን የሚወሰድ ጠንካራ ሽፋን በሳህኑና በኳሱ መካከል ከላይ በመዘርጋት ኳሱ ወደ ላይ እንዳይሸሽ የሚያደርግ ዘዴ አስተዋውቋል፤ በሌሎች ሀገሮች ከሰው ቆዳ የተዘጋጀ ጨርቅ መሰል ነገርም ይጠቀማሉ።

በጨው ውኃ የሚሞላ ትንሽ ፊኛ ከጣሪያው አጥንት በታች ማስቀመጥም በጣም ተስፋፍቶ ነበር። በ2022 በብሪታንያ 24 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ውጤት ሲወጣ ፊኛው የተጨመረላቸው ሰዎች ማጽዳት ብቻ ከተደረገላቸው ያነሰ ውጤት አሳዩ፤ ጥናቱም ከታሰበው ቀድሞ ቆመ። አዲስነቱ ብቻውን ለምንም ዋስትና እንዳልሆነ ለታካሚዎቼ ሳስረዳ የማነሳው ይህንን ነው።

መገጣጠሚያው አርጅቶ፣ ጅማቱም የማይሰፋ ሲሆን ደግሞ የተገላቢጦሽ ሰው ሠራሽ ትከሻ አለ። ፈረንሳዊው ፖል ግራሞን በ1985 በዲዦን ያመጣው ሐሳብ ነው፦ ኳሱ ሳህኑ በነበረበት፣ ሳህኑም ኳሱ በነበረበት ይተከላል። ያን ጊዜ ዴልቶይድ ያለ ጅማቱ እገዛ ብቻውን ክንዱን ያነሳል። ዕድሜያቸው ከ65 ወይም ከ70 ላለፈ፣ ክንዳቸውን ወደ አፍ ማድረስ ለተሳናቸው ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ለወጣት ግን የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ተክሉ ዕድሜ አለው።

የሰፉት መልሶ ሊበጠስ ይችላል?

አዎ፣ ሐኪሞች በቂ አድርገው የማይናገሩትም ይህንን ነው። ቀደም ብዬ በጠቀስኩት የ273 ሰዎች ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ በምስል ሲታይ በካሜራ ከተሰፉት 46 በመቶ፣ በመክፈት ከተሰፉት 39 በመቶ የሚሆኑት ጅማታቸው አልያዘም ነበር ወይም ተመልሶ ተቀዷል። ሆኖም ጅማታቸው ያልያዘላቸው ሰዎች እንኳ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበራቸው ሕመም ተሽለዋል። የያዘላቸው ደግሞ የበለጠ ተሽለዋል፣ በተለይ በጉልበት።

ጅማቱ የመያዝ ዕድሉን የሚቀንሱት ይታወቃሉ፦ የዕድሜ መግፋት፣ የቀዳዳው ስፋት፣ የጡንቻው ወደ ስብ መለወጥ፣ ሲጋራና ያልተስተካከለ የስኳር ሕመም። ከእነዚህ መካከል በእጅዎ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ሲጋራውን ከቀዶ ሕክምናው ሳምንታት በፊት ይተዉ፣ ስኳርዎን ያስተካክሉ። የትኛውም ካስማ ይህን አይተካም።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት መርፌ ብወጋ ጉዳት አለው?

የስቴሮይድ መርፌ ሕመሙን ለሳምንታት ሊያስታግስ ይችላል። መደጋገሙ ግን ጅማቱን ያሳሳል፤ ቀዶ ሕክምና ሊደረግ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ መወጋት ደግሞ የኢንፌክሽንን ዕድል ይጨምራል። ስንት ጊዜና መቼ እንደተወጉ ለቀዶ ሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩ።

ማደንዘዣው ሙሉ ነው?

ብዙ ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ ከእርሱ ጋር በአንገት ሥር ያሉ ነርቮችን የሚያደነዝዝ መርፌ ይጨመራል። ክንዱ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ ድንዝዝ ይላል፤ አይደንግጡ። መርፌው በዚያው ወገን ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ለጊዜው ስለሚያደክም አስም ወይም የሳንባ ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ይናገሩ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምን ይጠብቀኛል?

ክንድዎ በማንጠልጠያ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይታሰራል። ጣት፣ የእጅ አንጓና ክርን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ትከሻው ግን በራሱ ጉልበት አይነሳም። ሐኪሙ ሲፈቅድ እኔ ክንዱን ይዤ አንቀሳቅሰዋለሁ፣ ጡንቻው ግን ያርፋል። በራስ ጉልበት ማንሳት የሚጀምረው ከ6ኛው ሳምንት ወዲህ፣ ጭነት ያለው ሥራ ከ12ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከባድ የጉልበት ሥራ ስድስት ወር ሊፈልግ ይችላል። ቀዳዳው ትልቅ ከነበረ ሁሉም ይገፋል። ቶሎ ማንቀሳቀስ ይሻላል ወይስ ማቆየት የሚለው ሲያከራክር ኖሯል፤ ቶሎ የጀመሩት በመጀመሪያዎቹ ወራት ትንሽ ይፈታሉ፣ በዓመቱ ግን ተቀራራቢ ይሆናሉ። ስለዚህ ትልቅ ቀዳዳ ላለው ሰው አልቸኩልም።

ስፌት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሲጠፋ ነው። በሁለተኛው ወር ታካሚው ደህና ነኝ ይላል፣ ክሩ ግን ገና ብቻውን ነው ጅማቱን የያዘው። ስለዚህ በዝርዝር እናገራለሁ። እንጀራ መጋገር፣ ሊጡን በክብ ማዞሩም ምጣዱን መክደኑም፣ በዚያ ክንድ ክልክል ነው። ውኃ የሞላ ጀሪካን፣ ሙቀጫ፣ ልጅ ማዘል ክልክል ነው። መሬት ላይ በእጅ ተደግፎ መስገድ፣ በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በሶላት፣ መላ የሰውነትን ክብደት ትከሻው ላይ ይጥላል፤ እስኪፈቀድልዎ በወንበር ወይም በመቆም ይጸልዩ። የሃይማኖት አባትዎን ቢጠይቁ ለታመመ ሰው ያለውን ፈቃድ ይነግሩዎታል። ነጠላ ለመልበስ ሌላ ሰው ያጣፋልዎ። ሲተኙ ትራስ ደርድረው ወደ ኋላ ጋደም ይበሉ፤ ከክርንዎ በታችም ትራስ ያድርጉ። መኪና መንዳት ማንጠልጠያው ሳይወልቅና ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይሞከርም።

ከሁሉ የሚከብዳቸው እናቶች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ተነስተው ቡና ያፈላሉ፣ ረከቦቱን ያነሳሉ። ቤተሰብ ይህን ካነበበ እባካችሁ ስድስት ሳምንት ጀበናውን ተረከቧቸው። በዓረብ ሀገር በቤት ሠራተኝነት ላይ ሳሉ ለተሠራላቸው እህቶች ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ወር ሳይሞላ ወደ ግድግዳና ጣሪያ ማጽዳት ይመለሱ ይባላሉ። ከሆስፒታሉ ሳይወጡ የእረፍቱን ሳምንታት ብዛትና ክልክል የሆነውን ሥራ በዓረብኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይጠይቁ።

ቁስሉ ቢቀላ፣ መግል ቢያወጣ፣ ትኩሳት ቢመጣ፣ ወይም አንድ ነገር ከተሰማ በኋላ ክንዱ ድንገት ቢደክም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ።

ቤተሰብ ውጭ ሀገር ልከን እናሳክምህ ይለኛል። ልሂድ?

ልጆች በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሆነው ገንዘብ አሰባስበው አባታቸውን ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ሲልኩ አይቻለሁ፤ ፍቅር ነው። አንዳንዱ ጉዳይ፣ ለምሳሌ የተገላቢጦሽ ትከሻ ወይም ዳግመኛ ስፌት፣ በእርግጥ ብዙ የሠራ እጅ ይፈልጋል። ግን ሂሳቡን ሲሠሩ ቀዶ ሕክምናውን ብቻ አይቁጠሩ። አባትየው በአሥረኛው ቀን ተመልሰው ይመጣሉ፣ ቀሪው አምስት ወር ተኩል እዚህ ነው። ለዚያ ጊዜ ፊዚዮቴራፒስት አስቀድሞ ካልተገኘና ገንዘቡ ሁሉ ለአውሮፕላንና ለካስማ ካለቀ ውድ ስፌት በደረቀ ትከሻ ውስጥ ይቀራል።

ከሄዱም የቀዶ ሕክምናውን ዝርዝር ማስታወሻ ሳይዙ አይመለሱ። ብዙዎች የሚያመጡልኝ ደረሰኝና የመድኃኒት ዝርዝር ነው። የሚያስፈልገኝ ሌላ ነው፦ የትኛው ጅማት፣ ስንት ሴንቲ ሜትር፣ በነጠላ ወይስ በድርብ ረድፍ፣ በስንት ካስማ፣ ጅማቱ ጥሩ ነበር ወይስ የሳሳ፣ ሳይወጠር ደረሰ ወይስ በግድ ተስቦ፣ የባይሴፕሱ ጅማት ተቆርጧል ወይስ ተተክሏል። ያ ገጽ ከሌለ ስፌቱ ምን ያህል እንደሚችል ሳላውቅ ክንድዎን አነሳለሁ፤ ያ ገጽ ካለ ግን በስንተኛው ሳምንት ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንደምችል ገና በር ላይ ሳሉ አውቃለሁ።